አምቡላንሱ እስኪደርስ፦ በእጃችን ያለው የመጀመሪያ እርዳታ

 

በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ አለ፦ «ዶክተር፣ ሰው ድንገት ፊታችን ቢወድቅ፣ መኪና ሲገጨው ብናይ፣ ልጅ ቢቃጠልብን ምን እናድርግ?» የሚል። ዛሬ እሱን ሰፋ አድርገን እናያለን። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ሻያችሁን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ሴቭም አድርጉት። የሚያስፈልጋችሁ ቀን ሲመጣ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ጊዜ አይኖርምና።

የምሠራው እዚሁ ጅግጅጋ፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ከከተማው፣ ከቶጎ ውጫሌ፣ ከአውበሬ፣ ከቀብሪበያህ፣ ከሀርሺን፣ አንዳንዴም ከባቢሌ መስመር ሰው ይመጣል። ተረኛ በሆንኩ ቁጥር የማየው አንድ እውነት አለ፦ ብዙ ጊዜ የታማሚው እጣ ፈንታ ግማሹ የሚወሰነው እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። አስፋልት ላይ፣ ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ባጃጅ ውስጥ። የወሰነውም ሐኪም ሳይሆን በአጠገቡ የነበረው ሰው ነው።

ለምን እንደዚህ ሆነ?

ልብ ከቆመ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎል መጎዳት ይጀምራል። ትልቅ የደም ሥር የተቆረጠበት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ ሊሞት ይችላል። አሁን መንገዳችንን አስቡት። ከቶጎ ውጫሌ ጅግጅጋ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከቀብሪበያህ 50 ገደማ። ከሐረር የሚመጣው ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የካራማራን ጠመዝማዛ ወጥቶ ወርዶ ነው የሚደርሰው። የፈለገ ፈጣን አምቡላንስ ቢኖር 4 ደቂቃ ውስጥ አይደርስም። በዚያ 4 ደቂቃ ውስጥ ያለው ሐኪም እናንተ ናችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ ከ100 ሺህ ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። ከዓለም አማካይ በላይ ነው። ከነዚህ ውስጥ ማንም ቢደርስለት የማይተርፍ አለ። ግን አጠገቡ ያለው ሰው የሚያደርገውን ቢያውቅ ኖሮ የሚተርፍም አለ። እኛን የሚመለከተን ሁለተኛው ነው።

«ብነካው እኔ እጠየቃለሁ» የሚለው ፍርሃት

ይሄን ሳላነሳ ባልፍ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው የሚሆነው። አደጋ ሲደርስ ብዙ ሰው ዙሪያውን ይቆማል፣ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል፣ የሚነካ ግን የለም። ሰዎች ለምን እንደሆነ ሲነግሩኝ «ፖሊስ አንተ ነህ የገጨኸው ቢለኝስ?» ይላሉ። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ፣ በሶማሊኛው «ማግ»፣ ሲባል ስሜ ከነገሩ ጋር ይነሳል ብሎ የሚሰጋ አለ። ስጋታችሁ ይገባኛል።

ግን ሕጉ የሚለውን ልንገራችሁ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 575፣ ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ በራሱ ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየቻለ አስቦ ሳይረዳ የተወን ሰው ይቀጣል። ማለትም ሕጉ የሚጠይቀው የረዳውን ሳይሆን ጥሎ የሄደውን ነው። ጉዳቱን ያደረሰው ሰው ራሱ ጥሎ ከሄደ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ሾፌሮች፣ ይቺን ያዙልኝ።

ብቻችሁን መሆን ከፈራችሁ ሁለት ሦስት ሰው ጥሩ፣ እነሱ ባሉበት እርዱ። «እባካችሁ አንድ ሰው ይደውል» አትበሉ፤ ሁሉም ሌላው ይደውላል ብሎ ይቆማል። በጣታችሁ ጠቁማችሁ «አንተ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ደውል! አንቺ፣ ውሃ አምጪ!» በሉ። አካባቢው ሶማሊኛ ተናጋሪ ከሆነ «ጋርጋር!» ብላችሁ ጩኹ፣ እርዳታ ማለት ነው። ውሃ ደግሞ «ቢዮ» ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት ማወቅ ብቻውን ሰው ይሰበስብላችኋል።

ከሁሉም በፊት፦ ራሳችሁን ጠብቁ

መኪና በሚከንፍበት መንገድ መሃል አትንበርከኩ። መጀመሪያ ሌሎች መኪኖችን አስቁሙ። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ቆጣሪው ሳይጠፋ አትንኩት። ደም ካለ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ፤ ጓንት ከሌለ ፌስታል ይሠራል። ሁለተኛ ተጎጂ ከሆናችሁ ለእኛም ሥራ ጨመራችሁብን ማለት ነው።

1. ሰው ወድቆ አይመልስም

ትከሻውን መታ መታ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ካልመለሰ ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ደረቱን እዩ፤ ከፍ ዝቅ ይላል?

የሚተነፍስ ከሆነ፦ በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጋችሁ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል። ቢያስታውክ ወደ ሳንባው አይገባም። አደራ፣ አፉ ውስጥ ውሃ አታፍስሱ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ ማጠጣት ደግ ሥራ ይመስላል፤ ውሃው የሚሄደው ግን ወደ ሳንባው ነው።

የማይተነፍስ ከሆነ፣ ወይም በየመሃሉ እያጣጣረ ብቻ ከሆነ (ማጣጣር መተንፈስ አይደለም)፦
• ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋችሁ እርዳታ ጥሩ።
• ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው አስተኙት። ፍራሽ ላይ አይሆንም።
• የአንድ እጃችሁን መዳፍ ደረቱ መሃል ላይ አድርጉ፣ ሌላውን እጅ በላዩ ደርቡ፣ ክንዳችሁን ቀጥ አድርጉ።
• ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እስኪገባ በኃይል ተጫኑ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ።
• ሰው ሠራሽ ትንፋሽ የተማረ ካለ ከ30 ጫና በኋላ 2 ትንፋሽ ይስጥ። ያልተማራችሁ ዝም ብላችሁ ተጫኑ። ሲደክማችሁ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ።

«የጎድን አጥንቱ ቢሰበርስ?» ትሉኛላችሁ። ሊሰበር ይችላል። የተሰበረ አጥንት ይድናል፤ የቆመ ልብ ግን ካልተጫኑት በራሱ አይነሳም።

ኳስ ተመልካቾች ይሄን በዓይናችሁ አይታችሁታል። ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም በአውሮፓ ዋንጫ ዴንማርክ ከፊንላንድ ሲጫወቱ ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ሜዳ ላይ ወደቀ። ልቡ ቆሞ ነበር። አምበሉ ሲሞን ኬር ፈጥኖ ደረሰለት፣ የህክምና ቡድኑ ደረቱን መጫን ጀመረ፣ በልብ ማስነሻ ማሽን ልቡ ተመለሰ። ዓመት ሳይሞላው ለብሬንትፎርድ ተሰልፎ ተጫወተ። የዳነው ወዲያው ደረቱ ላይ እጅ ስላረፈ ነው። ያን ማሽን በየሰፈራችን ላናገኝ እንችላለን፤ እጅ ግን ሁላችንም አለን።

2. ደም አልቆም ሲል

ቁስሉ ላይ ንፁህ ጨርቅ (ነጠላ፣ ሻሽ፣ የራሳችሁ ቲሸርት) አድርጋችሁ በመዳፋችሁ በኃይል ተጫኑ። ለ10 ደቂቃ ያህል እጃችሁን አታንሱ። «ቆመ ወይ?» እያላችሁ በየደቂቃው ከከፈታችሁት የረጋውን ደም እየነቀላችሁት ነው። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ጨምሩ እንጂ የመጀመሪያውን አታውጡ። ቡና፣ አመድ፣ አፈር ቁስል ላይ አይደረግም። የተሰካ ብረት ወይም ብርጭቆ ካለም አትንቀሉት፤ ዳር ዳሩን ጨርቅ አድርጋችሁ እንዳለ አምጡት።

ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈሰው ደም እየተጫናችሁትም ካልቆመ፣ ያኔ ማሰር ነው። ወንዶች የምታሸርጡት ሽርጥ ለዚህ ይጠቅማል። ቢያንስ 4 ጣት ወርድ እንዲኖረው አጥፉት፤ ሽቦና ቀጭን ገመድ ሥጋ ይቆርጣል። ከቁስሉ በላይ 4 ጣት ያህል ርቃችሁ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ እሰሩ። ቋጠሮው ላይ ዱላ አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም አዙሩ፣ ዱላውንም እሰሩት። ከዚያ የታሰረበትን ሰዓት ፃፉ፤ ግንባሩ ላይም ቢሆን በእስክርቢቶ። መንገድ ላይ አላልታችሁ እንደገና አትሰሩት። መፍታት የእኛ ሥራ ነው።

ነስርም ላንሳ፦ ጭንቅላትን ወደ ኋላ ማድረግ ስህተት ነው፣ ደሙ ይዋጣል። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጥብቅ አድርጎ መያዝ ነው።

3. የመኪና አደጋና አንገት

አበበ ቢቂላን የማያውቅ የለም። ሮምና ቶኪዮ ላይ በማራቶን ሁለት ጊዜ ወርቅ ያመጣ ሰው ነው። መጋቢት 1961 ዓ.ም በመኪና አደጋ አንገቱ ላይ ጉዳት ደረሰበት። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ታክሟል፤ እጆቹ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ዓለምን ያሸነፉት እግሮች። የነርቭ ገመድ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከተጎዳ መድኃኒት ፈልጎ መመለስ በጣም ይከብዳል።

ይሄን የማነሳው በየሳምንቱ ስለማየው ነው። የተገጨን ሰው ሁለት ሰው እጅና እግሩን ይይዘዋል፣ ባጃጅ ውስጥ አጥፈው ያስገቡታል፣ አንገቱ በየጉድጓዱ ይንገጫገጫል። አንድ ወጣት እንዲህ ሆኖ መጣልን። ያመጡት ልጆች «አስፋልቱ ላይ እግሩን ያንቀሳቅስ ነበር» አሉን። እኛ ጋ ሲደርስ አያንቀሳቅስም። መንገድ ላይ የተፈጠረውን ማረጋገጥ አይቻልም። ልጆቹ ግን በቅን ልብ፣ ከኪሳቸው ከፍለው ያመጡት ናቸው። የጎደላቸው ደግነት አልነበረም፤ ይሄን የነገራቸው ሰው ነው።

ስለዚህ፦
• እሳት ወይም ሌላ አደጋ ከሌለ ተጎጂውን ከመኪናው ጎትታችሁ አታውጡ፣ አታስቀምጡ፣ አታቁሙ።
• አንድ ሰው ከራስጌው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይያዝ፤ አንገቱ አይዙር፣ አይታጠፍ።
• የግድ ማንሳት ካለባችሁ ራስ የያዘው ሰው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይበልና ሁላችሁም እኩል እንደ አንድ ግንድ አንሱት። በር፣ ጣውላ፣ የተነቀለ የአግዳሚ ወንበር ጀርባ ቃሬዛ ይሆናል።
• ከባጃጅ ይልቅ ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነ ፒክአፕ ወይም ወንበሩ የተነሳ ሚኒባስ ፈልጉ። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ይንዳ።
• የማይተነፍስ ከሆነ ግን ትንፋሽ ከአንገት ይቀድማል። ደረቱን ተጫኑ።

የተሰበረ እጅና እግርን እንዳለ በካርቶን ወይም በእንጨት ደግፋችሁ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ ጨምራችሁ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው ጠብቋል፣ አላሉት። ወጌሻ ጋ አጥብቆ ታስሮ ሰንብቶ፣ እግሩ ጠቁሮ የሚመጣ ልጅ ዛሬም አለ። እንዲህ ሆኖ የመጣን እግር አንዳንዴ ከመቁረጥ ውጪ አማራጭ አይኖረንም። ወጌሻን ማክበር ይቻላል፤ ራጅ ግን ይቅደም።

4. ቃጠሎ

የጅግጅጋ ቤት ያለ ሻይ አይሆንም። ፔርሙዙ ምንጣፍ ላይ ነው፣ ፈርኔሎው መሬት ላይ ነው፣ ድክ ድክ የሚለው ልጅም እዚያው ነው። በቃጠሎ ከሚመጡልኝ ብዙዎቹ ከ5 ዓመት በታች ናቸው። ብዙዎቹም ቁስላቸው ላይ ኮልጌት፣ እንቁላል፣ ቅቤ ወይም ዱቄት ተቀብቶ ነው የሚመጡት። እነዚህ ሁሉ ሙቀቱን ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ይበክላሉ። እኔም ለማየት ስል ልፋቀው ነው፤ ልጁ ሁለተኛ ይሰቃያል።

መድኃኒቱ ውሃ ነው። ቀዝቃዛ (በረዶ ያልሆነ) ንፁህ ውሃ ለ20 ደቂቃ። «ዶክተር፣ ቧንቧ እኮ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም እዚሁ ነው የምኖረው። 20 ሊትር ጀሪካን በደቂቃ 1 ሊትር ቀስ እያላችሁ ብታፈሱት ልክ 20 ደቂቃ ያደርሳችኋል። አንዲት ጀሪካን ለዚህ ሁሌም ሞልታ ትቀመጥ። ወዲያው ካልተቻለም እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል። ቀለበትና አምባር ከማበጡ በፊት አውልቁ፣ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አትገንጥሉ። ሌላውን ሰውነት በብርድ ልብስ ሸፍኑ። ከዚያ በንፁህ ጨርቅ ሸፍናችሁ አምጡት። ውሃ የያዘውን እብጠት አታፈንዱ።

5. ትን ሲል

ካሳለ ይሳል፤ ሳል ምርጥ መድኃኒት ነው። መናገርም ማሳልም ካቃተው፣ አንገቱን ከያዘ፣ ከጠቆረ፦ ወደ ፊት ጎንበስ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ በኃይል ምቱት። ካልወጣ ከኋላው ቆማችሁ ጡጫችሁን ከእምብርቱ በላይ አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ። እስኪወጣ ድረስ አፈራርቁ። ራሱን ከሳተ አስተኝታችሁ ደረቱን መጫን ጀምሩ።

ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከሆነ ሆዱን አትጫኑ። ክንዳችሁ ላይ በደረቱ፣ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ አስተኙትና 5 ጊዜ ጀርባውን ምቱ፤ ከዚያ ገልብጣችሁ ደረቱ መሃል 5 ጊዜ ተጫኑ። የማታዩትን ነገር ለማውጣት ጣት አታስገቡ፣ ይባስ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።

6. የሚጥል በሽታ

ክብሪት! ክብሪት ጭሮ ማሽተት የሚጥል በሽታን አያቆምም፤ ፊት ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ያፍናል። ማንኪያም አፉ ውስጥ አታስገቡ፣ ጥርስ ይሰብራል። ምላስ አይዋጥም። ማድረግ ያለባችሁ ከአጠገቡ ሹልና ትኩስ ነገር ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ልብስ ማድረግ፣ ሰዓት ማየት፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ማስተኛት ነው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል።

የስኳር ታማሚ ከሆነና ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከተወናበደ (በረመዳን ሊያጋጥም ይችላል)፣ መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር በጥብጣችሁ አጠጡት። ፆሙን ማፍረሱ አያስጨንቃችሁ፤ ለታመመ ሰው ሃይማኖቱም ይፈቅዳል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጥም።

7. መርዝ፣ ጭስ፣ ንክሻ

ላምባ፣ በረኪና ወይም ቤንዚን የጠጣ ልጅን አታስመልሱት። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላል፣ ወደ ሳንባም ይገባል። ወተትም አትጋቱት። የጠጣበትን ዕቃ ይዛችሁ ሩጡ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ላምባና ቤንዚን በሃይላንድ አታስቀምጡ። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው የሚመስለው።

ጅግጅጋ ሌሊት ይበርዳል፣ ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት አለ። የከሰል ካርቦን ሞኖኦክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሳያስነቃ ይገድላል። እንዲህ ያለ ቤት ከገባችሁ ትንፋሽ ይዛችሁ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡ፣ የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን ተጫኑ።

እባብ ከነደፈ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ አጥብቃችሁ አትሰሩ፣ ጥቁር ድንጋይም መርዝ አይስብም። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንደ ስብራት ደግፋችሁ፣ ሳታስሮጡት ተሸክማችሁ አምጡት። ውሻ ወይም ጅብ ከነከሰ ደግሞ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለክትባት ኑ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን መከላከል ይቻላል።

ዛሬ ማታ የምትሠሩት የቤት ሥራ

ስልካችሁ ላይ 907 መዝግቡ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የአምቡላንስ ጥሪ ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም፣ የጣሊያን ወረራ ደጅ ላይ በነበረበት ጊዜ ሲሆን፣ ዛሬም ለሕዝብ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ሥልጠና ባገኛችሁ ቁጥር ግቡ፤ ደረት መጫን በንባብ ብቻ አይለመድም። ከ907 በተጨማሪ የወረዳችሁን አምቡላንስ፣ የቅርባችሁን ጤና ጣቢያ፣ እንዲሁም ሌሊት ስልክ የሚያነሳ አንድ የታመነ ሾፌር ቁጥር ያዙ። ጅግጅጋ ላላችሁ ካራማራ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው ሼክ ሀሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል አሉ፤ ከሰፈራችሁ ወደየትኛው እንደሚቀርብ አሁን እወቁ።

ከዚያ ይሄን ፅሁፍ ለቤት ሠራተኛችሁ፣ ለባጃጅ ደንበኛችሁ፣ ለእናታችሁ አንብቡላቸው። አደጋው ሲደርስ እቤት የሚኖረው ስማርት ስልክ የያዘው ሰው ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ፃፉልኝ፣ በተቻለኝ ሁሉ እመልሳለሁ። ሼር በማድረግ ለወዳጅ ዘመድ አድርሱ። ጤናችሁ ይብዛ!